የቆዳ መጋዘኑ ምክር ቤት

መስከረም ፳፰ ቀን ፲፱፻፳፬ ዓ.ም.፣ አዳማ

ትምህርት ቤታችን እስከ ሐምሌ ድረስ የአብዱልጀባር የቆዳ መጋዘን ነበር። ቆዳው ወጥቷል፤ ሽታው ግን ለመልቀቅ ገና አልወሰነም። ተማሪዎቼ ዐሥራ አራት ናቸው። ትንሹ ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ትልቁ ከእኔ ቀድሞ ጢም አብቅሏል።

ዛሬ በባቡር ከአዲስ አበባ ደብዳቤ ደረሰኝ። በአዲሱ ሕገ መንግሥት ምክር ቤት ስለሚቆም ተማሪዎች «ሥርዓቱን በልምምድ እንዲያውቁ» ይላል። እንዴት እንደሚለማመዱ አይልም። እኔ ምክር ቤት በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ባንድ የፈረንሳይኛ መጽሐፌ ውስጥ ግን ሥዕል አለ፤ አንዱ ቆሞ ይጮኻል፣ የቀሩት ተቀምጠው ያንቀላፋሉ። ከዚያ እጀምራለሁ።

ጥቅምት ፭

የመጀመሪያው ስብሰባ። ሊቀ መንበር ይምረጡ አልሁ። ሁሉም በአንድ ድምፅ ኑሬን፣ የአብዱልጀባርን ልጅ መረጡ። ለምን? ብል «ቤቱ የአባቱ ነው» አሉኝ።

ሕጉን በሰሌዳው ላይ ጻፍሁላቸው። መናገር የፈለገ እጁን ያነሣል። ሊቀ መንበሩ ቃል ሲሰጠው ይቆማል። የሚናገረው ለሊቀ መንበሩ እንጂ ለባላጋራው አይደለም። ሲያበቃ ድምፅ ይሰጣል፤ ብዙው ያሸንፋል።

የመጀመሪያው አሳብ፦ በክፍሉ በር ላይ የመጠጥ ውሃ እንስራ ይቀመጥ። ሁሉም ደገፉ። ሁለተኛው አሳብ፦ እንስራ አይቀመጥ። ይህንንም ሁሉም ደገፉ። አንዱን ለብቻው ጠርቼ ምክንያቱን ብጠይቀው «መጀመሪያ የተናገረው ተከብሯል፤ ሁለተኛ የተናገረው ለምን ይቀየም?» አለኝ።

እንስራው እስካሁን አልተቀመጠም።

ጥቅምት ፳፮

አዲስ አበባ ያሉት ምክር ቤታቸውን ከፈቱ። ጋዜጣው ሦስት ቀን ዘግይቶ ደረሰን። እኛ ቀድመናቸዋል ብዬ ለተማሪዎቹ ነገርኋቸው፤ አልሳቁም።

ዛሬ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ተማሪ ተቃወመ። ሁንዴ ነው። እጁን አነሣ፣ ቃል ተሰጠው፣ ቆመና «ሊቀ መንበር ሆይ፣ እኔ አልተስማማሁም» አለ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ በሩን አየ። አንድ ሰው ገብቶ የሚይዘው መስሏቸው ነው። ማንም ሳይገባ ሲቀር ቀስ ብለው መተንፈስ ጀመሩ።

ማታ ለእመት ዘመናይ ነገርኋት። ቤት ያከራየችኝ እሷ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ አንደበቷ ያልሞተ ሴት። «መከራከርንም ያስተምሩታል እንዴ?» አለች። «ገበያ ውሰዳቸው፤ በነፃ ይማራሉ።»

ኅዳር ፩

ሁንዴ ዐሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። አባቱ ነገሪ ከተራራው ሥር የባላምባራስ ገሠሠ ጭሰኛ ነው፤ ባላምባራስ የዚህ አገር ምስለኔ ናቸው። ልጁ ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰዓት በእግሩ ይመጣል።

አምና ሌላ አስተማሪ ዘንድ ሲማር በመከር ለምን እንደ ቀረ ጠየቅሁት። ጤፍ ሲደርስ ጭሰኛው ሁሉ መጀመሪያ የሹሙን ማሳ፣ ሑዳዱን፣ ያጭዳል። የራሱ ይቆያል። አምና ስምንት ቀን ቆየ። «ስንመለስ ወፍ ጨርሶታል» አለኝ። «እናቴ ከመሬት በእፍኝ ስትለቅም ሰነበተች።» ይህን ሲል ሰሌዳውን እንጂ እኔን አያይም ነበር።

ይህ የክርክር ርእስ ይሆናል አልሁት።

«ይህስ ይቅርብኝ፣ መምህር። ስለ እንስራው እንከራከር።»

በምክር ቤት ውስጥ ሁሉ ነገር ይባላል፤ ምክር ቤት የተባለውም ስለዚሁ ነው አልሁት። አባባሌ ያሳምን ነበር። ይህ ስጦታ አለኝ።

ኅዳር ፮

የሁንዴን ንግግር ሳቃና አመሸሁ። እሱ «ወፍ በላብን» ብሎ ነው የጻፈው፤ ሐሳቡ አለ፣ ጉልበት የለውም። እኔ እንዲህ አደረግሁት፦ «ወፍ የማንን ማሳ እንደምትበላ አትጠይቅም፤ የምታየው አጫጅ የቀረበትን ነው።» ሦስት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብሁት።

እመት ዘመናይ ከግድግዳው ማዶ «የማን ቃል ነው?» አለች።

«የተማሪ ነው» አልሁ።

«ተማሪህ ይህን የሚያህል አፍ ካለው አንተ ምን ልትሠራለት ነው?»

ኅዳር ፰

ጥሩ ቀን። አሳቡ የቀረበው እንዲህ ነው፦ ጭሰኛ መጀመሪያ የራሱን ጤፍ ይሰብስብ፤ ወደ ሑዳዱ ከዚያ በኋላ ይሂድ። ሁንዴ ግሩም ተናገረ። የወፏ ነገር ላይ ሲደርስ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ አላሳለም። ሊቀ መንበሩ ድምፅ አይሰጥምና ዐሥራ ሦስት እጆች ተቆጠሩ፤ ስምንት ደገፉ፣ አምስት ተቃወሙ። በትምህርት ቤታችን የተሸነፉ ሰዎች ሲታዩ ይህ የመጀመሪያው ነው። ተሸናፊ ምን እንደሚያደርግ ስላላወቁ አጨበጨቡ።

ቃለ ጉባዔውን እኔው ጻፍሁ፤ ቀን፣ የተናጋሪዎች ስም፣ የድምፅ ቁጥር፣ በመጨረሻም «ምክር ቤቱ ወስኗል»። የቤት ሥራ እንዲሆን ሁሉም ገለበጡት። ከሁሉ ያማረው የሁንዴ ጽሕፈት ስለ ሆነ ለሽልማት የትምህርት ቤቱን ማኅተም መታሁበት። ማኅተሙን አዲስ አበባ ያለ አንድ አርመን ቀርጾት በዚህ ወር ነው የደረሰው፤ እስከ ዛሬ ከመዳፌ በቀር ያረፈበት ነገር አልነበረም። የተቀረጸበት አንበሳ ወጣ ብሎ ታየ። ልጁ ወረቀቱን እንደ ሕፃን አቅፎት ሄደ።

ኅዳር ፲፫

ሁንዴ ቀርቷል። መከር ነው።

ኅዳር ፲፬

አብዱልጀባር ትምህርት በምንጀምርበት ሰዓት መጣ። አልተቀመጠም።

«መምህር፣ ይህ የኔ መጋዘን መንግሥት የሆነው መቼ ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ነገሪና ስድስት ጎረቤቶቹ ትላንትና ከትላንት ወዲያ ሑዳድ አልወጡም፤ የራሳቸውን ጤፍ ሲያጭዱ ዋሉ። ጭቃ ሹሙ ምነው ብሎ ቢሄድ ነገሪ ከቤቱ ክዳን ሥር ወረቀት መዝዞ አሳየው። «ምክር ቤት ወስኗል። መጀመሪያ የራሳችንን ነው» አለው። ጭቃ ሹሙ ማንበብ አይችልም። አንበሳውን ሲያይ ባርኔጣውን አውልቆ ተመለሰ።

«ሁንዴ አልነገራቸውም? ልምምድ መሆኑን?» አልሁ።

«ነግሯቸዋል። አባቱ ‹ማኅተም ለልምምድ ይመታል?› አለው። ምን ይመልስ?» አብዱልጀባር እኔን አየኝ። «አንተ ብትሆን ምን ትመልስ ነበር?»

ተማሪዎቹ በር ላይ እየጠበቁ ነው አልሁት።

ኅዳር ፲፭

ነገሪን አሰሩት። ሁንዴንም ጨምረው። ስድስቱ ጎረቤቶች ይቅርታ ጠይቀው ሑዳድ ወጡ። አባትና ልጅ በባላምባራስ ግቢ እግር ብረት ገብተዋል።

ሄጄ መናገር አለብኝ። ነገ እሄዳለሁ።

ኅዳር ፲፮

ንፋስ። ዐዋራው መንገድ አያሳይም። ደግሞም ሰውነቴን ከበደኝ፤ ንዳድ ሳይሆን አይቀርም። እመት ዘመናይ ግንባሬን ዳሰሰችው።

«ቀዝቃዛ ነው» አለች።

ኅዳር ፲፯

ክፍሉ ውስጥ ሽንት የመጣበት እንኳ እጁን አያነሣም።

ከሰዓት በኋላ ቃሌን በጽሑፍ አሰናዳሁ። «ርእሱን የመረጥሁ እኔ ነኝ። ንግግሩን ያቃናሁ እኔ ነኝ። ማኅተሙን በእጄ የመታሁ እኔ ነኝ። ልጁም አባቱም ጥፋት የለባቸውም።» አራት አረፍተ ነገር። ሁለተኛው «ነኝ» ጆሮ ይከብዳል፤ ሁለት ጊዜ ለወጥሁት፤ መልሼ እንደ ነበረ ተውሁት። ወረቀቱ በኮቴ ኪስ ውስጥ አለ።

ብናገር ምን ይደረጋል? ከሥራ እወጣለሁ። ምናልባት እታሰራለሁ። ትምህርት ቤቱም ይዘጋል፤ ዐሥራ ሦስት ልጆች ወደ ከብት ይመለሳሉ። ስለ እነሱም ማሰብ ይገባል። ዛሬ ሙሉ ቀን ስለ እነሱ ነው ያሰብሁት።

ኅዳር ፲፱

ተጠራሁ። እንደ ሆነው እጽፈዋለሁ።

ችሎቱ በባላምባራስ ግቢ ከግራሩ ሥር ነበር። ባላምባራስ ገሠሠ አልተቆጡም፤ ብርድ ልብሳቸውን ደርበው እንደ ታመመ ሰው ቀስ ብለው ይናገራሉ። ወረቀቱ ጉልበታቸው ላይ ነው። ነገሪን ለምን አመፅህ አሉት። በኦሮምኛ መለሰ፤ ጸሐፊው አስተረጎመ።

«ጌታዬ፣ ማኅተም አየሁ፤ ታዘዝሁ። ማኅተም አይቶ ያልታዘዘ ይታሰራል። እኔ ታዝዤ ታሰርሁ። የትኛው እንደሚሻል ይንገሩኝና ሌላ ጊዜ እሱን አደርጋለሁ።»

ከዘበኞቹ አንዱ ሳቀ፤ ወዲያው ተወው።

ባላምባራስ ወረቀቱን አንሥተው እራሳቸው አነበቡ፤ ያችን የወፏን ቃል። በደንብ ነው ያነበቧት፤ ማረፊያዋ ላይ አረፉ። «ይህን ማን አለ?»

«እኔ ነኝ» አለ ሁንዴ።

ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ የጭሰኛ ልጅ ይህን ከየት ያመጣዋል?»

«ጎበዝ ተማሪ ነው» አልሁ። ጎበዝ ተማሪ ነው።

«ማኅተሙ የት ይቀመጣል?»

«ከጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ።»

«ይቆለፋል?»

«አይቆለፍም።» አይቆለፍምና።

«እርስዎ በሌሉበት ተማሪ ይገባል?»

«ጠመኔ ሊወስዱ ይገባሉ።»

«ይህስ ልጅ?»

«እሱም ይገባል።»

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የሐሰት ቃል የለም። ማንም ሰው መርምሮ ሊያየው ይችላል።

ባላምባራስ ወረቀቱን አጠፉት። «እንግዲህ ሽማግሌው ተታሏል። ልጁ የመንግሥት ማኅተም ሰርቆ መትቷል። እንዲህ አይደለም?» ብለው ተመለከቱኝ። ጥቂት ቆዩ። ምን ያህል እንደ ቆዩ ልክ ማወቅ አልችልም፤ ሰው አራት አረፍተ ነገር የሚያነብበት ጊዜ ይሆናል።

ሁንዴ እጁን አነሣ። ሰንሰለቱ ያንኛውንም እጁን አብሮ ሳበው፤ ሁለቱንም አነሣ። ቃል ይሰጠኝ ማለቱ ነው። የሚያየው ባላምባራስን አልነበረም። ማንም ቃል አልሰጠውም። አወረደ።

ፍርዱ፦ ነገሪ ሃያ ጅራፍ ተገርፎ ወደ ቤቱ ይሂድ፤ ለራሱ ያጨደው ጤፍ ለባላምባራስ ጎተራ ይግባ። ሁንዴ ከአዋሽ ማዶ መንገድ ሥራ ላይ ሁለት ዓመት ታስሮ ይሥራ።

ስወጣ ባላምባራስ ክንዴን ያዝ አድርገው ሸኙኝ። «ትምህርት ቤት የመንግሥት ነገር ነው፤ ስሙ እንዲበላሽ አልፈልግም። ተግባብተናል አይደል?» አሉኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኋቸው።

ኅዳር ፳

ነገሪ ተፈታ። ይህ እንደ ቀላል መታየት የለበትም። እኔ ከመናገሬ በፊት ሁለት ሰው ታስሮ ነበር፤ አሁን አንድ ነው።

ኅዳር ፳፫

ዛሬ እስረኞቹን በባቡር ጣቢያው በኩል ወሰዷቸው፤ አምስት ናቸው። በትምህርት ቤቱ በር አልፈዋል። ማካፈል እያስተማርሁ ነበር። የሰንሰለቱ ድምፅ እስኪርቅ ድረስ ማንም ብዕሩን አላነቃነቀም፤ እኔም ሰሌዳው ላይ አንድ ሰባት ስጽፍ ብዙ ቆየሁ።

ኑሬ ከትምህርት በኋላ መጣ። «መምህር፣ ሊቀ መንበርነቴን ልልቀቅ።»

መልቀቂያ በጽሑፍ ነው የሚቀርበው አልሁት።

«አይ» አለ። «ከእንግዲህስ ምንም አልጽፍም።»

ኅዳር ፳፰

እመት ዘመናይ ኮቴን ልታጥብልኝ ስትል ወረቀቱን አገኘች። ፊደል አትለይም።

«ይጣል?»

«ይቀመጥ።»

«ብዙ ተለፍቶበታል መሰለኝ፤ ሥርዝ አለው። ለማን ነው?»

«ለባላምባራስ ነበር።»

«ታዲያ እዚህ ምን ይሠራል?»

ወረቀቱን ከእጇ ተቀበልሁ። ኮቱን ይዛ ወጣች። ማታ እራት ስታቀርብልኝ «ይብሉ» አለችኝ። አራት ዓመት አንተ ስትለኝ ኖራ ዛሬ እርስዎ አለችኝ። በስተርጅና አክብሮት ጀመራት ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ተውሁት።

ታኅሣሥ ፬

ከባላምባራስ ቤት አንድ ከረጢት ጤፍ ተላከልኝ። አዲስ ነው፤ ነጭ፣ የተበጠረ። ከየትኛው ማሳ እንደ መጣ ያመጣውን ሰው አልጠየቅሁትም። የምስጋና ደብዳቤ ጻፍሁ። ደብዳቤው ውስጥ «ትሕትና» የሚል ቃል ሁለት ጊዜ ገብቷል።

እመት ዘመናይ ከረጢቱን በእግሯ ገፋ አድርጋ «ይህን እኔ አላስፈጭም» አለች። ማዕዘን ላይ ተቀምጧል። አይጥ ጀምሮታል።

ታኅሣሥ ፱

ከአዲስ አበባ ደብዳቤ። ልምምዱ ምን ያህል እንደ ተራመደ ባጭሩ እንድገልጽ። «ተማሪዎቹ ሥርዓት ይዘዋል» ብዬ መለስሁ። ስብሰባው ይቀጥላል። ዛሬ የተከራከሩት ከሰኔና ከሐምሌ የትኛው ይበልጥ ይዘንባል በሚለው ነው። ዐሥራ ሁለት ድምፅ ለሐምሌ። ተቃዋሚ የለም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሜ ሳስበው፣ ብናገር ኖሮ ሁለቱም ላይፈቱ ይችሉ ነበር። ሦስታችንም እንታሰር ነበር። ይህን ሒሳብ በየቀኑ እሠራዋለሁ፤ በየቀኑ ትክክል ይወጣል። ትክክል የወጣ ሒሳብ ግን በየቀኑ አይሠራም፤ ይህንንም አውቃለሁ።

ታኅሣሥ ፲፯

ሎሚ መጣች፤ የሁንዴ እናት። በር ላይ ቆማ «አካም ቡልተኒ፣ የኔታ» አለች፤ እንደምን አደሩ ማለቷ ነው። ከማታየኝ ቦታ ገባ ማለት ፈልጌ ነበር፤ መጋዘኑ በር ያለው አንድ ብቻ ነው። አጭር ሴት ናት፤ እጇ እስከ ጥፍሯ ድረስ በማጭድ ተሰነጣጥቋል። የአብዱልጀባር ግመሎች ነገ አዋሽን ይሻገራሉ፤ ለልጇ ደብዳቤ ልትልክ ነው።

«ሌላ ጸሐፊ አላጣሁም፣ ገበያው ላይ አለ» አለች። «ልጁ ግን ሲወስዱት ‹መምህሬ ይጻፍልሽ፤ የሱን ጽሕፈት አውቃለሁ› አለኝ።»

ወረቀት አወጣሁ። እሷ መሬቱ ላይ ተቀመጠች፤ ወንበሩን እንቢ አለች። አማርኛዋን እየመረጠች፣ እኔ እስክደርስባት እየጠበቀች ተናገረች።

«ልጄ ሁንዴ፣ እንደምን ነህ። አባትህ ደኅና ነው። ጀርባው ድኗል፤ በግራ በኩል ትንሽ ቀርቷል። ላሚቱ ወለደች፤ ሴት ናት። ጤፉን ወሰዱት፤ አንተ ስለዚህ አታስብ፤ ገብስ አለን።» ቆም አለችና ብዕሬን አየች። «ይህን ደግሞ ይጻፉ። መምህርህ ለኛ ብለው ባላምባራስ ፊት ቆመው ተናግረውልናል። አባትህ ነግሮኛል፤ እሳቸው ሲናገሩ ነው የተፈታሁት ብሎኛል። ስትመጣ መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ ሂድ። ጉልበታቸውን ሳም።»

ብዕሬን አነሣሁ። «ሎሚ፣ ይህኛው ባይገባ ይሻላል» አልኋት።

ግራ ገባት። «ለምን? እሳቸው ሲናገሩ አይደለም የፈቱት?»

«ነው።»

«ታዲያስ?» አለችና ፈገግ አለች። ትሑት ሰው መሰልኋት።

እጄ እንዴት እንደሚጽፍ ልጁ ያውቃል። ጽሕፈቱን ያቃናሁለት እጁን ይዤ ነው። ከአዋሽ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ እናቱ የላከችውን ይከፍታል፤ ይህን ነገር በእኔ ጽሕፈት ያነብባል። የተናገረችውን ነጥብ ሳላጎድል ጻፍሁ።

«ያንብቡልኝ» አለች።

አነበብሁላት። ላሚቱ ጋ ስደርስ ራሷን ነቀነቀች። አባቱ ጋ ስደርስ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ስለ እኔ የተባለው ጋ ደረስሁ። ድምፄ አልተሰበረም፤ ቃሉ ጥርት ብሎ ወጣ። ሎሚ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ስታዳምጥ ቆየች፤ ዓይኗ ሞላ፣ ግን ደስ ብሏት ነው።

ወረቀቱን ላጥፍ ስል እጇን ዘረጋች።

«የኔታ፣ እዚያችን ቦታ ብቻ ይድገሙልኝ።»

ደገምሁላት።